የሸሸው ድድ

አራሚዋ ቀዝቃዛ ውሃ ከጠጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ተቀምጣ ለሕትመት የተዘጋጀውን ከነነጥቡ ከነሰረዙ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ፊት ለፊቷ ያለችው ጓደኛዋ ደግሞ ዋናውን ቅጂ በእርሳስ ትከተላለች። አሁን አሁን ግን አየር ስትስብ የታች የፊት ጥርሷን ሥር እንደ መርፌ ይጠቀጥቃትና መሃል ላይ ቀጥ ትላለች።

«ምነው? ነጠላ ሰረዝ ነው እንዴ?» ትላታለች ጓደኛዋ።

«ጥርሴ ነው ባክሽ።»

አንድ ቀን በመስታወት ስታይ ክው አለች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ረዝመዋል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ጥርስ አያድግም፤ ድዷ ነው ወደ ታች የሸሸው።

ሐኪሟ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። በቀጭን መለኪያ ድዷን እየነካካች ለረዳቷ ቁጥር ጠራችላት፣ ከዚያ ወንበሩን ቀና አደረገችው።

«ድድሽ ከተፈጥሮው ስስ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስትቦርሺ ጨክነሽበታል። አምና ከለካነው ብሶበታል።»

«መድኃኒት የለውም፣ ዶክተር?»

«የሸሸ ድድ በመድኃኒት አይመለስም። በለስላሳ ብሩሽ እየቦረሽሽ፣ እኛም እያጸዳን እንዳይብስ መጠበቅ እንችላለን። ይሸፈን ካልሽ ግን ቀዶ ሕክምና ነው። ያለውን ድድ አላቆ ወደ ላይ ስቦ መስፋት አለ፤ ያንቺ ስለሳሳ ብቻውን አይበቃም። ከለጋሽ ተወስዶ የተዘጋጀ ሽፋን ከሥሩ ማስገባትም አለ። ወይም ከራስሽ ላንቃ ትንሽ ሥጋ ወስጄ እዚያ እተክለዋለሁ። እኔ ላንቺ የምመርጠው ይኼንን ነው።»

«ለጋሹ... በሕይወት ያለ ሰው ነው?»

«አይደለም።»

የሞተ ሰው ቆዳ አፏ ውስጥ! የራሷ ላንቃ ደግሞ ሲቆረጥ! «ላስብበት» ብላ ወጣች፤ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቀውም።

በማግስቱ የመጽሐፍ ጠራዡ ሙጫ የነካ እጁን እያራገፈ መጣና የባሰ ነገር ጨመረላት። «ላንቃ ከተነካ ደሙ አይቆምም ይባላል። አንድ የማውቀው ሰውዬ...»

«አንተ! አፍህን አትዘጋም?» ጓደኛዋ በእርሳሷ አባረረችው። የተናገረው ግን ከአራሚዋ ሆድ አልወጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምራቋን በዋጠች ቁጥር ላንቃዋን በምላሷ ስትዳስስ ከረመች። በመጨረሻ አለቃዋ በየመሃሉ ስለምታቆም የጀመረችውን መጽሐፍ ነጥቆ ለሌላ አንባቢ ሲሰጠው፣ ከራሷ ላንቃ እንዲወሰድ ወስና ቀጠሮ ያዘች።

ባሏ ቀያሽ ነው፤ በዚያ ሰሞን ሩቅ የመንገድ ሥራ ላይ ነበር። በስልክ ስትነግረው «ብቻሽንማ አትሆኚም» አላት። «እማ ትመጣለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አማቷ ሃያ ስድስት ዓመት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ቤቷ የመጡ ቀን ማንኪያዎቿን ቆጥረው «አንድ ይጎድላል» ብለዋታል። የታጠበ ሳህን እንደገና ያጥባሉ። አራት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረም።

ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ማደንዘዣው ሕመሙን ቢወስደውም ድምፁን አልወሰደውም፤ ክሩ ሲሳብ ትሰማ ነበር። ጣቶቿ የወንበሩን ክንድ እንደጨበጡ ቀሩ፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። «አለቀ፣ አለቀ» ትላለች ሐኪሟ፤ ግን አያልቅም።

መጠበቂያው ክፍል ከቆዩት አማቷ ጋር ሲወጡ ሐኪሟ አንድ የጥንቃቄ ወረቀት ሰጠቻቸው። አማትየው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና ቤት ሲደርሱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት። ወሬ ክልክል፣ ትኩስ ክልክል፣ መጉመጥመጥ ክልክል። አማት የቀዘቀዘ ሾርባ ያቀርባሉ፣ ምራት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። «ይኼን መጋረጃ ማን ነው የሰቀለው? ተዛብቷል» ይላሉ፤ ምራት ወረቀቱን በጣቷ ታሳያለች።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መታጠቢያ ቤት ቆማ ሳለ ምላሷ ላይ ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ተሰማት። ተፋችው። ደም ነው። እንደገና ተፋች፤ አፏ እንደገና ሞላ። መስታወቱ ውስጥ አገጯ ድረስ ቀልቷል። የጠራዡ ወሬ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፦ አይቆምም፣ አይቆምም። ልትጣራ አፏን ስትከፍት ደሙ ወደ ጉሮሮዋ ገባና ትን አላት። የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫውን አንስታ በሩን ደበደበችው።

አማቷ እጃቸው አረፋ እንደሆነ ደረሱ። አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ተቀመጪ። እንዳትተኚ፣ ቀና በይ!»

ሄዱ። መሄዳቸው ዘላለም መሰላት። ልጆች እንኳ የለኝም፣ እዚሁ ሰድሉ ላይ ሞቼ ልቀር ነው አለች በሆዷ። አማቷ ግን እጃቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ፋሻ በውሃ አርሰውና አጣጥፈው ተመለሱ።

«ወረቀቱ ሃያ ደቂቃ ሳይነሳ ተጫኑት ነው የሚለው። ክፈቺ። እንዳትነክሺኝ ብቻ።»

ጣታቸውን ከነፋሻው ላንቃዋ ላይ ተከሉት። በሌላው እጃቸው ማጅራቷን ደገፉ። አራሚዋ በአፍንጫዋ እያለከለከች ዓይኗን ዓይናቸው ላይ አፈጠጠች። ይህን ያህል ቀርባ አይታቸው አታውቅም።

«ምላስሽን አታንቀሳቅሺ። አልሞትሽም። የሚሞት ሰው እንዲህ አይቆነጥጥም፤ ክንዴን ልቀቂው እስቲ!»

ሳታውቀው ክንዳቸውን ጨምድዳ ይዛቸው ኖሯል። ላላ አደረገችው እንጂ አልለቀቀችውም።

«ግድ የለም፣ ያዢው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደም አልችልም። ልጄ ጉልበቱ ተጭሮ ሲመጣ እንኳ ጎረቤት ነበር የማስጠርገው። አሁን አንቺ ባትይዢኝ እኔም ወድቄ ነበር።»

ሰባት ደቂቃ ላይ ጣታቸው ደነዘዘ፤ ቢሆንም አላነሱትም። አሥራ አምስት ላይ «እግዜር ያውቃል፣ ማንኪያውን የቆጠርኩት ወሬ ጠፍቶኝ ነው» አሉ። ሳቋ መጣባት። «እንዳትስቂ!» ጮሁባት።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ፋሻውን አነሱት። ጠበቁ። ላንቃዋ እርጥብ ነው፣ ደሙ ግን ቆሟል። አማቷ እዚያው ሰድሉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ስልኩን ለሐኪሟ የደወሉት ከወለሉ ላይ ሆነው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ አየቻት። ላንቃዋ ላይ ረግቶ የነበረው ደም ተላቆ ነው፤ አንድ ስፌት ጨመረችበት። የተተከለው ሥጋ ግን አልተነካም። ከሁለት ወር በኋላ አንደኛው ጥርስ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ፣ ሁለተኛው ግን ትንሽ እንደተገለጠ ቀረ። «ከዚህ በላይ አይወጣም» አለቻት ሐኪሟ ሳትደብቅ። አራሚዋ ውሃ ቀዳች፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠጣችው። ትንሽ ጠቅ አደረጋት፣ ያን ያህል አይደለም።

«በቀኝ በኩልም መሸሽ ጀምሯል» አለች ሐኪሟ። «አያስቸኩልም። በመጪው ዓመት እናየዋለን።»

ያ ፍርሃት እንደገና ተነሳባት። ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጥታ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከተቀመጡት አማቷ ፊት ቆመች።

«ሌላም አለ አሉኝ» አለቻቸው። «ያኔ ይመጣሉ?»

አማቷ ወደ ቀዶ ሕክምናው በር በፍርሃት አዩ።

«ፋሻ በብዛት ግዢ» አሉ።