ሰማያዊው ራይት

የሟቹ ስልክ በለቅሶው መሀል ጮኸ። ጥሪው የመኪና ጡሩምባ ነበር፤ ወንበር ላይ ያንቀላፉ አንድ ሽማግሌ "ወይኔ!" ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። ታናሽ እህቱ የሻይ ትሪውን ለአክስቷ አቀብላ፣ ስልኩን በመዳፏ እያፈነች ወደ ጓዳ ሮጠች።

"ሽቦ! አንተ ሰውዬ የት ነው የጠፋኸው? ኮምፒውተሬ ደግሞ አልነሳም አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያልከኝን ሁሉ አደረግኩ..."

"እህቱ ነኝ" አለች። "ሽቦ አርፏል። ቀብረነዋል።"

"ኧረ ተይ፣ እንደሱ አትበይ" አላት ሰውዬው። "ትናንት እንኳ ኦንላይን አይቼዋለሁ።"

ትናንት ኦንላይን የነበረችው እሷ ናት። ላልሰማ ለማሰማት የወንድሟን ስልክ ከፍታ ትቀመጣለች፤ ሲደወል ታረዳለች፣ መልእክት ሲገባ መርዶ ትጽፋለች። ከመሀል ደግሞ "ውድ ደንበኛችን፣ ልዩ ቅናሽ አዘጋጅተንልዎታል" የሚል ይገባል። አንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው የሚነድ ሻማ ልኮ፣ ጣቱ ስቶት ነው መሰለ፣ ከሥሩ የሚስቅ ፊት ጨምሮበታል። ያን ጊዜ ብቻዋን እስኪያንቃት ሳቀች።

ሽቦ ያሉት ሰፈርተኞች ናቸው። ስለቀጠነ ነው የሚሉ አሉ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው የሚሉም አሉ። የተጣበቀ ስልክ፣ የተረሳ የይለፍ ቃል፣ ድንገት ቋንቋው የተለወጠ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም የሱ ጣጣ ነበር። አክስቱማ አንድ ጊዜ "ልጄ ድረስልኝ፣ ስልኬ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ታናግረኛለች" ብላ ከሥራ አስጠርታው ታውቃለች። መጥቶ ሴትዮዋን ዝም አሰኝቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ወደ ሳሎን ስትመለስ አባቷ ያው ጥግ ላይ ነው። ከቀብር መልስ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እህል በአፉ አልዞረም፣ እንባም ከዓይኑ አልወጣም። በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ያንሾካሹካሉ።

"ምን ዓይነት አንጀት ነው? አንድ ወንድ ልጁን ቀብሮ!"

"ተኳርፈው ነበር እኮ። አያነጋግረውም ነበር።"

"ቢሆንስ! ሞት ያላስታረቀው..."

እሷን ሲያዩ ሻያቸውን ፉት አሉ። ሐሜት ነው እንዳትል እውነት ነው። እሷ የምታውቀው ደግሞ ከዚህም ይከፋል።

አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው በታክሲ ሾፌርነት ነው። ሽቦ ሥራ የያዘው ደግሞ፣ ሰው በስልኩ መኪና የሚጠራበትን አገልግሎት በሚያንቀሳቅስ ቢሮ ውስጥ ነበር። አባትዬው ቀኑን ሙሉ ወረፋ ሲጠብቅ ውሎ ባዶ መኪና ይዞ በሚገባበት ሰሞን፣ ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ ከች አለ።

"በአባትህ ጉሮሮ ላይ ቆመህ ያገኘኸውን ነው ይዘህልኝ የመጣኸው?" አለው።

ሽቦም የአባቱ ልጅ ነው። "ዓለም ላንተ ብላ አትቆምም!" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዚያው ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየ። ታክሲውም ብዙ ሳይቆይ ተሸጠ።

በኋላ ለአባቱ ስልክ ገዝቶ በእህቱ እጅ ላከ። አባቷ ከማን እንደመጣ አላጣውም፤ ግን አልመለሰውም። ልታስተምረው አጠገቡ ቁጭ አለች። "ይቺን ንካት፣ ድምፁ ይመጣልሃል። መንካት ብቻ ነው አባባ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።"

"ይቺስ?" አላት፣ ማይክራፎኗን በወፍራም ጣቱ እያሳየ።

"እሷ መላኪያ ናት። አንተ ደግሞ ለማን ልትልክ ነው?" ብላ ስቃ ተነሳች። የሰው ቀሚስ ስፌት መኪናዋ ላይ ይጠብቃት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽቦ ለአባቱ ቮይስ መላክ ልማዱ ሆነ። ዘነበ ብሎ ይልካል፤ ሹመት አገኘሁ ብሎ ይልካል፤ የሚለው ሲያጣ መንገዱ ላይ የሚጮኸውን መኪና ሁሉ ያሰማዋል። መልስ የሚባል ነገር የለም። "ግን አየሽ?" አላት አንድ ቀን ስልኩን አስጠግቶ። "ሁለቱም ራይት ሰማያዊ ሆነዋል። ሰምቶኛል ማለት ነው። ለኔ ይበቃኛል።" አልበቃውም ነበር፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስልኩን ያየው ነበር።

ሆስፒታል ሲገባ ለሞት ያሰበው ሰው አልነበረም፤ ትኩሳት ነው ተብሎ ነበር። "አባባ፣ ትንሽ አሞኛል። ካልከበደህ ብቅ በል" ብሎ ላከ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፤ እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ራይቶቹ ዓይናቸው እያየ ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ሽቦ ከትራሱ ቀና ይላል፤ ነርሷ ሆና ስትገኝ መልሶ ይተኛል።

"ልደውልለት?" አለችው።

"ተይው። ሰምቷል።"

እሷም ሆዷ ቆረጠ። ሰምቶ ያልመጣ ሰው ተደውሎለት ይመጣል? ሲነጋ ሽቦ አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ጥርሷን ነክሳ ለለቅሶተኛው ሻይ ታቀርባለች።

ከሰዓት በኋላ የሽቦ የሥራ ባልደረቦች መጡ። ከነሱ አንዱ ፕሮግራመር አባቷ አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ልትሰጠው ጎንበስ ስትል አባቷ ስልኩን አውጥቶ በሹክሹክታ ሲጠይቀው ሰማች።

"ልጄ፣ ድምፅ የሚላከው በዚቺ አይደል? ነክቼ እናገራለሁ።"

"አይ ጋሼ፣ ተጭነው ነው የሚይዙት። ተናግረው ሲጨርሱ ይለቁታል፤ ያኔ ይሄዳል።"

"ነክቼ ብናገርስ?"

"የትም አይሄድም።"

"የትም?"

"ስልኩ አይቀዳውማ፣ ጋሼ።"

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። እሷ ብርጭቆውን ለእንግዳው አቀብላ ቀና አለች። አሁን! ልጁ አፈር ከገባ በኋላ መማር አማረው!

አባቷ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ በሟቹ ስልክ ላይ "አባባ" የሚል ስም ብቅ አለ። ረጅም ቮይስ ነው። ከላይ እስከ ታች የሽቦ ብቻ በሆነው መልእክት ሥር፣ የመጀመሪያው የአባቱ ድምፅ።

አልከፈተችውም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሷ እጅ የገባው ስልክ ነው። "ይጠብቅ" አለች በልቧ። "ወንድሜ እንደጠበቀው ይጠብቅ።" ጠበቀም። መነጽሩን ያደርጋል፣ ያወልቃል። ለቅሶ ደራሽ እጁን ጨብጦ "እግዜር ያጽናዎት" ሲለው፣ በሰውየው ክንድ ሥር አሾልኮ ስልኩን ያያል። እሷ ከትሪዋ ጋር ወዲያ ወዲህ እያለች ታየዋለች። መናገሩ ያሳፍራል እንጂ ደስ ብሏት ነበር።

በመጨረሻ ጓዳ ድረስ መጣ።

"የወንድምሽ ስልክ በርቷል?"

"በርቷል።"

"ኔትወርክ አለው?"

"አለው።"

"ሁለት ራይት ነው የሚለኝ። ሰማያዊ አልሆነም።"

"ማን ይክፈተው አባባ? ባለቤቱን ቀብረነው መጣን እኮ!"

"ልክ ነሽ" አላት። ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እንደ እንግዳ ሰው በሩን በቀስታ ዘግቶላት ወጣ።

የአወጣጡ ነገር አላስቀመጣትም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ መልእክቱን ነካችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ልጄ፣ አባትህ ነኝ" ይላል፤ ርቆ ለሄደ ሰው እንደሚጣራ እየጮኸ። "እስከ ዛሬ የመለስኩልህ አልደረሰህም አሉኝ። ዘነበ ስትለኝ ጃንጥላ ያዝ ብዬህ ነበር። ለሹመትህም መርቄህ ነበር። ታክሲው አርጅቶ ነው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም ብዬሃለሁ፤ እሱንማ ደጋግሜ ነው ያልኩህ። አሞኛል ያልከኝ ጊዜ ወዲያው ነው የመለስኩት። የት ሆስፒታል ነህ አልኩህ። ጃኬቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዝም ስትለኝ አሁንም ቂም ይዞብኛል፣ አይፈልገኝም አልኩ። ደውል ደውል አለኝ፤ ኩራቴ ያዘኝ። ልጄ፣ ኩራቴ ነው የያዘኝ..." ከዚያ በኋላ ቃል የለም። ሽማግሌ ሲያለቅስ ነው የሚሰማው፤ ጣቱ እስኪደክም ድረስ ይቀጥላል።

መንካት ብቻ ነው ያለችው እሷ ናት። ማይክራፎኗን ሲጠይቃት የሳቀችውም። በዚያ ላይ የአባቷ ቁጥር በገዛ ስልኳ ውስጥ እያለ፣ ወንድሟ ተይው ስላላት ብቻ ተወችው። አንድ ቤት ሙሉ ኩሩ፤ ከመሀላቸው አንዱ በር በሩን እያየ ሞተባቸው። ቀሚሷን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

ወደ ሳሎን ስትወጣ አባቷ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ቀና ሲል በቀጥታ ያየው እሷን ነው።

"ሰማሽው?"

"ሰማሁት።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው አባባ። እኔም መደወል እችል ነበር። ሆን ብዬ ነው ያልደወልኩልህ።"

አባቷ አላጽናናትም፣ አልወቀሳትም። "የላከልኝ ሁሉ እሱ ስልክ ውስጥም አለ?" አላት።

"አለ። ግን ባትሪው ሊያልቅ ነው።"

"አምጪው።"

ሰው ሁሉ እያየው ተነሳ። በርከክ ብሎ የውሃ ማፍያውን ከግድግዳው ነቀለና ከስልኩ ጋር ያመጣችለትን የልጁን ቻርጀር ሰካ። የገመዱን ጫፍ ስልኩ ውስጥ ሊያስገባ ቢል እምቢ አለው። ልታግዘው እጇን ዘረጋች።

"ተይ። እኔ ልሰካው።"

ደጋግሞ ሞክሮ ገባለት። ገመዱ አጭር ነው፤ ወንበሩ ድረስ አይደርስም። አባቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "ኧረ ጋሼ፣ ሲሚንቶው ይበርድዎታል፣ ወንበርዎ ላይ ይሁኑ" አሉት ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ አፍ። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገውም። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ገመዱ እንዳይነቀል ወደ ግድግዳው ተጠጋ።