ከአፍ አንድ ጣት ዝቅ

«ኧረ ያዢው! ኧረ ሰውዬውን በአልጋው ላይ አሰመጥሽው!»

ሚስትዬው ፎጣ ይዛ ተንደረደረች። ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ባልዬው ራሱ እየሳበ እንዲጠጣ ብላ ግድግዳው ላይ ከሰቀለችው የውሃ ጠርሙስ የወረደው ቀጭን ቱቦ ዝም ብሎ ይንዠቀዠቃል። የባልዬው አገጭም፣ አንገትም፣ ትራስም ራሰ። ነርሷ ቱቦውን ቆልምማ ያዘችው።

ባልዬው የድሮ መካኒክ ነው። ወድቆ አንገቱ ከተጎዳ ወዲህ እጅና እግሩ አይታዘዙትም። አራት ወር ሙሉ ውሃ የሚጠጣው ሚስቱ ብርጭቆ ይዛለት ነው፤ ያውም ተለምኖ። «አልጠማኝም» ይላል። ውሸቱን ነው፤ እሷን ላለማስቸገር ነው። ኩላሊት ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ሐኪሙ «በዚህ ሳምንት በደንብ ካልጠጣ ተመልሶ ሆስፒታል ይተኛል» ብሏል። እሷም ይጠማዋል እያለች ከደጅ አትርቅም። የእህቷ ልጅ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ ገና አልጠየቀቻትም።

«ይቅርታ አባባ፣ ከፍ ሲል ይቀልዎታል ብዬ እኮ ነው» አለች ነርሷ ተሸማቃ።

ከትራሱ ላይ የሚንተከተክ ድምፅ ተሰማ። ሚስትዬው ትን ያለው መስሏት ክው አለች። ለካስ እየሳቀ ነው! ያ የናፈቃት ሳቅ!

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፌ ስስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕቃው ከአፍ በላይ ከሆነ፣ አንዴ ከሳብሽው ማን ያቆመዋል? አውርጂው! በርጩማው ላይ!»

አወረደችው። ሚስትዬው ከሥሩ ብርድ ልብስ አጣጥፋ አደረገች።

«ትንሽ ከፍ... በቃ! ውሃው ከአፌ አንድ ጣት ዝቅ ይበል።»

«ይኸው፣ ጋራዡን ተመልሶ ከፈተ» አለች ሚስቱ።

ነርሷ የቱቦውን ጫፍ ከንፈሩ አጠገብ በፕላስተር ለጠፈችው። ሳበ። ዋጠ። ሲለቀው ውሃው ቆመ። ማንንም ሳይጠራ እንደገና ሳበ። ሚስትዬው ደስታው አላስችል ብሏት እንባዋን በዚያው እርጥብ ፎጣ ጠረገች።

«እንዴት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ቤንዚን ይሻላል» አለና ደግሞ ሳበ።

ጠዋት የሞላችለት ብርጭቆ አሁንም ራስጌው ነው። «ይሄንንስ ምን ላድርገው?»

«አንቺ ጠጪው። ከዚያ ሂጂና አራሷን ጠይቂ፤ ሕፃኑ ጢም ሳያወጣ።»

እንደቆመች ጭልጥ አደረገችው። ለካስ እሷንም ጠምቷት ኖሯል። ብርጭቆውን አጠበችና ራስጌው ሳይሆን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር መለሰችው፤ ከዚያ ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።