ያጠብኩት ድንጋይ

ልጄ እስከዳር ከጮቄ ተራራ ወርዳ ቢቸና የመጣችው ለአንድ አዳር ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ድንጋይ ነው። መምህሯና ጓደኞቿ ሞጣ ቀርተዋል። እሷ የመጨረሻውን ድንጋይ በቦርሳዋ እንደያዘች ወደ እኔ ተሳፈረች።

«እማዬ፣ ጮቄ ላይ ድሮ የበረዶ ግግር ነበር» አለችኝ እራት ስንበላ።

«የት ሄደ?»

«ወደ ላይ እየሸሸ ቀልጦ አለቀ። ሲሸሽ ከሥሩ የነበረው ድንጋይ ሰማይ አየ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሰማይ የሚመጣ ጨረር ፊቱ ላይ ምልክት ይተዋል። እሱን ለክተን በረዶው ከሄደ ስንት ሺህ ዓመት እንደሆነው እናውቃለን።»

«እኔን ብትለኪኝስ? ከሄድሽ ስንት ይወጣኛል?»

ሳቀች። «አንቺማ ማሽኑን ታበላሺዋለሽ!»

በማግስቱ ጠዋት አክስቷን ልትጠይቅ ስትወጣ ቦርሳዋን ገለበጥኩ። እኛ ዘንድ ልጅ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ያለውን ሁሉ አጥበን ነው የምንሸኘው፤ ከቆሻሻ ቤት መጣ እንዳይባል። ሸሚዟን አጠብኩ፣ ካልሲዋን አጠብኩ። ድንጋዩንም በሳሙናና በሽቦ ፈተግኩት። ላዩ ላይ በቀይ የተሠመረ ቀስት ነበር፤ እሱም ለቀቀ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩት። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሊያመልጣት ሆነና ሳታየው ሄደች።

ነገሩ የገባኝ የልብሱን ገመድ ስፈታ ነው። ቀስቱ ሰማይ ያየውን ፊት ያሳይ ነበር።

ባልነግራት የማይሆነውን ፊት ለክታ መምህሯ ዘንድ ታፍራለች። ብነግራት ደግሞ ሁለተኛ ሥራዋን ይዛ እኔ ቤት አታድርም ብዬ ፈራሁ።

በድምፅ ልነግራት አልደፈርኩም። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ስልክ ላይ ግን ጽፌ አላውቅም። በማግስቱ እስከ ቀትር አንድ አንድ ፊደል እየፈለግሁ ጻፍኩ፦ «ድንጋዩን አጠብኩት። ቀስቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እውነቱን ለመናገር፣ መልሷን ስጠብቅ ተስፋም አደረብኝ። ድንጋዩ ከተበላሸ ሌላ ልታመጣ ትመለሳለች፤ ከተመለሰች ታድራለች። በራሴ አፈርኩ። አልጋዋን ግን አነጠፍኩ።

«እማዬ፣ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው? ጎበዝ! አታስቢ። ሌሎች አሥራ አንድ ድንጋዮች አሉን፣ ይበቁናል። መመለስ አያስፈልግም። ነገ ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን።»

ደግሜ አነበብኩት። ድሮ ቢሆን አንድ ሰው መጥቶ ያነብልኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሞጣው ሚኒባስ ሾፌር አምላኩ ከደጅ ተጣራ። «እትዬ ደስታነሽ! ልጅዎ ድንጋይ ላከችልዎ። ቢቸና ድንጋይ ጠፋ እንዴ?»

«እንደዚህ የጠራ የለም» አልኩት፤ ያው ያጠብኩት ድንጋይ ነበር።

ፀሐይ ከሚመታው ቦታ፣ ደጃፌ ላይ አስቀመጥኩት። የትኛው ፊቱ ሰማይ እንዳየ አላውቅም። አንዱን መርጬ ወደ ላይ አደረግሁት፤ ከዛሬ ይቁጠር ብዬ።