ድልድዩ ላይ የቆመው ሰውዬ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ልቤ ደንዝዟል። አላለቀስኩም። ጎረቤቶቼ «ድንጋይ ናት» ይሉኛል፤ ይበሉ! ማታ ማታ ሳላስበው የእሱንም የሩዝ ሳህን አቀርባለሁ፣ መልሼ አነሳለሁ፣ ምንም አይሰማኝም።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሙ ቦሃይ ከአያታቸው የወረሱትን ሥዕል ለሻይ ቤቱ ሲጠይቀኝ «ውሰደው፣ ምን ቸገረኝ» አልኩት።

ሥዕሎቹን እንዳይሻግቱ አውጥተን በምናናፍስበት ቀን መጣ። ሥዕሉ በረጅም ጥቅል ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ ተራራና ወንዝ ነው፤ ሁሉም ቢዘረጋ ሳሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። እንዲህ ያለ ጥቅል ታዲያ በአንዴ አይዘረጋም። ከቀኝ ተጀምሮ ክንድ ክንድ እያለ ይታያል። ባሌ በግራ ይፈታ፣ እኔ በቀኝ ያየነውን እጠቀልል ነበር። መጀመሪያ ድልድይ ላይ ምርኩዝ የያዘ ሰውዬ አለ። እዚያ ስንደርስ ባሌ ሁልጊዜ «ቆይ፣ አትቸኩይ፣ ይረፍ እንጂ ሰውዬው!» ይለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ጎጆ ይመጣል፤ ደጃፉ ላይ ሴት ቆማለች። ያን ጊዜ ሰውዬው እኔ እጅ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ቦሃይ ግን እንደ ሰሌን ወለሉ ላይ ዘረጋው!

«አንተ ባለጌ! እንዲህ ነው ያሳደጉህ?»

«ልለካው ነው እትዬ፣ አይቆጡ። ግድግዳዬ አጭር ነው፤ ሦስት ቦታ ቆርጬ መስታወት ውስጥ አስገባዋለሁ። የሞተ ተጎዳ፣ እኛ እንኳ እንየው።»

«እንዳሻህ» ብዬ ላልፍ ስል ዓይኔ ሥዕሉ ላይ አረፈ። ሰውዬውንና ጎጆውን አንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም። በመካከላቸው ያለው ጉም ነው፤ ጉሙ ደግሞ ብሩሽ ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው። እየጠቀለልን ስናየው ትንሽ ትንሽ እየሆነ ያልፍ ነበር። አሁን ወለሉን ሞልቶታል። መንገድ የሚባል የለም። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ትጠብቃለች።

«አይመጣም» አልኩ።

«ማን፣ እትዬ?»

«ወንድምህ ነዋ!»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንባዬ ወረቀቱን እንዳይነካው ፊቴን አዞርኩ። ቦሃይ መለኪያውን አስቀመጠ።

«አትቆርጠውም» አልኩት ሲወጣልኝ። «በል ግራውን ያዝና ጠቅልል። ቀስ በል አንተ!»

ጎጆው ከነሴትዮዋ እየተጠቀለለ ወደ ድልድዩ ቀረበ። ሰውዬው ብቻ ቀረ።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አልኩት። «ይረፍ እንጂ ሰውዬው።»