ያለ ሰው ድምፅ አራት ደቂቃ

ልጄ ከቀረፀቻቸው የባቡር ቪዲዮዎች ውስጥ በአሥራ አንዱ ላይ የእኔ ድምፅ አለ። በአንዱ ላይ «ራቂ! ኧረ ራቂ በይ!» እላለሁ። በሌላው «ይኸው፣ ሊጎትታት ነው!» እላለሁ። ረጅሙና ብዙ የደከመችበት ቪዲዮ ላይ ደግሞ፣ ባቡሩ ከድልድዩ ብቅ ሲል፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ሹራብሽን ልበሺ» እላለሁ። ካዩት ሰዎች አንዱ ከሥሩ «እናትየዋስ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፉት?» ብሎ ጽፏል። አልተከፋሁም። ሹራቡን ለብሳለች።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መነጽር ቤት ሌንስ ትሞርዳለች። ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ካሜራዋን አንጠልጥላ ትጠፋለች። መጀመሪያ ተራራና ሜዳ ነበር የምታነሳው። ተራራ ደግ ነው፤ ባለበት ይቀመጣል። ቀጥሎ ሰማይ ጀመረች። ኮከብ ለማንሳት ጣሪያ ላይ ወጥታ ካሜራውን ግማሽ ሰዓት ከፍታ ስትቀመጥ፣ እኔ ቀበቶዋን ይዤ አብሬያት በርዶኛል። በመጨረሻ ባቡር መጣ። ከተራራ ወደ ኮከብ፣ ከኮከብ ወደ ባቡር፤ የልጄ ፍቅር ሁሉ ፍጥነቱ እየጨመረ ነው የሄደው።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት አንሶላ አጥፌአለሁ። አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ይስተካከላል ብሎ ያምናል። «አንቺ ሴትዮ፣ አታሟርቺ! የፈሩት ይደርሳል ሲባል አልሰማሽም?» ይለኛል። ሰምቻለሁ። ያልፈሩትም እንደሚደርስ የሚያሳየኝ አንሶላ ግን በየቀኑ በቅርጫት ይመጣልኛል።

ልጄ የገባችበት ማኅበር ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው። አንዷ እሷ ናት። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም ነው። የማኅበሩ አለቃ ኮት ሰፊ ሲሆን «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የባቡር ድምፅ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ሰው ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሰው ወዳጅ ይሰበስባል፤ እሱ ኳኳታ ይሰበስባል። ሕጉ አንድ ነው፦ የባቡሩ መብራት ከታየበት ጀምሮ የመጨረሻው ፉርጎ ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ የሰው ድምፅ ከገባበት፣ ቅጂው ስብስቡ ውስጥ አይገባም። ከልጄ አሥራ አንድ ቅጂዎች ስንቱ እንደገባ መናገር አያስፈልገኝም።

በዚያ ሰሞን «አሮጊቷ» የሚሏት የናፍጣ ባቡር ከሥራ ልትወጣ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ጎትታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻ ጭነቷን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፤ ሰኞ ወደ ቁራጭ ብረት ትሄዳለች። ዳገቱን ስትወጣ የሚሰማው ድምፅ በጋሽ ጆሮ ስብስብ ውስጥ የለም። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አንዴ ዝናብ፣ አንዴ ሳል አበላሽቶበታል። ለመቅረፅ የሚመቸውን የሃዲድ መጠምዘዣ ያገኘችው ልጄ ናት፤ ጥሩ ማይክ ያላትም እሷ ናት። ንጹሕ አድርጋ ከቀረፀች የስብስቡ መዝጊያ በስሟ ይገባል። ካልሆነላት ሌላ ቀን የለም።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ «እማ፣ ቅዳሜ አትመጪም» አለችኝ።

«እመጣለሁ።»

«እማ!»

«ከመኪና አልወርድም።»

«ከመኪና ውስጥ ሆነሽም ድምፅሽ ይሰማል።»

አባቷ ማንኪያውን አስቀምጦ ሳቀ። «ልጄ፣ ከተማ ውስጥ ብትቀርም ይሰማል» አላት።

በስተመጨረሻ ውል ገባን። እሄዳለሁ፤ ግን ከማይኩ አሥራ አምስት እርምጃ ርቄ እቆማለሁ፣ መብራቱ ከታየ በኋላ ትንፍሽ አልልም፣ ጠጠሩ ላይም አልራመድም። አራት ደቂቃ ነው።

«ብትወድቂስ?»

«አልወድቅም።»

«እባብ ቢመጣስ?»

«ዝም በይ። እባቡም ዝም ነው የሚለው።»

«ካላስቻለኝስ?»

ሹካዋን አገላበጠች። «እንግዲህ ካላስቻለሽ፣ ከዚያ ወዲያ የምሄድበትን አልነግርሽም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አባቷ ሊያረግበው ፈልጎ «ዝም አይነቅዝም» አለ።

ዓርብ ዕለት ሥራ ቦታ ተለማመድኩ። ማጠቢያው ማሽን መጭመቅ ሲጀምር አፌን እዘጋለሁ፤ ሲያቆም እከፍታለሁ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ ሦስት ሆነ። ልብስ ተኳሿ ካውያውን አስቀምጣ መጣች። «ምነው እህቴ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለችኝ። በጭንቅላቴ የለም አልኳት። «ታዲያ ልትሞቺ ነው?»

ቅዳሜ በጋሽ ጆሮ አሮጌ መኪና ሄድን። ውሉ የሚጀምረው ከመብራቱ ስለሆነ መንገዱን በሙሉ ተጠቀምኩበት። ቦታው እንደ ደረስንም ዞር ዞር ብዬ መረመርኩ። ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ አየሁ፤ ተናገርኩ። ግንዱ ላይ የተርብ ቤት አየሁ፤ ተናገርኩ። ሣሩ ደረቅ ነው፣ የፍሬን ብልጭታ ካረፈበት ይነድዳል አልኩ። ከሃዲዱ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይም ጥርጣሬዬን አስመዘገብኩ።

ጋሽ ጆሮ የአንገቱን ማዳመጫ እያስተካከለ «እትዬ፣ ጨርሰዋል?» አለኝ።

«አንድ ቀርቶኛል፣ ጋሼ። መብረቅ።»

«ሰማዩ እንደ መስታወት ነው እኮ።»

«እሱ ነው ያሳሰበኝ።»

የጥርስ ሐኪሙ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው፤ ጋሽ ጆሮም ስለ ሳሉ ገሠጸው። አፍ ማስከፈት ሥራው የሆነ ሰው አፉን ዘግቶ ቀረ።

ልጄ ካሜራዋን ባለሦስት እግር መቆሚያው ላይ አሰረች። ማይኩን ነፋስ እንዳይነካው ፀጉራም ልብስ አለበሰችው፤ ከእሷ በተሻለ ለብሷል። ለፎቶ የሚሆነውን ትንሽ ካሜራ በእጇ ያዘች። እኔን አንድ ዛፍ ሥር አቆመችኝና ሻርፔን አስተካከለችልኝ። «እማ፣ አደራ» አለች።

መብራቱ ታየ። ጋሽ ጆሮ እጁን አነሳ።

የሻርፔን ጫፍ ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

መጀመሪያ ድምፅዋ አልነበረም፤ ሃዲዱ ብቻ እንደ ጥርስ ተፋጨ። ከዚያ አሮጊቷ ከታች መጣች፤ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እያቃሰተች፣ አንዴ ልትቆም አንዴ ልትቀጥል እየመሰለች። እውነቱን ልናገር፣ ታምራለች። እኔም ደረጃ ስወጣ እንደዚያው ነኝ።

ልጄ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ባቡሩን በሙሉ ከነጭሱ ልታስገባ ነው። ሌላ አንድ ሄደች። እኔም ወደምትሄድበት አየሁ። ሣሩ መካከል ላይ ቀጥ ያለ ጥላ አለ። የጎርፍ ቦይ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ጉልበት የሚያልፍ ጥልቀት፣ አፉን ሣር የሸፈነው። ምሰሶውን ፈርቻለሁ፣ ተርቡን ፈርቻለሁ፣ ጠራራውን ሰማይ ፈርቻለሁ። ከኋላዋ ያለውን ግን ማን አየው?

እጆቼን አወናጨፍኩ። ልጄ አላየችኝም። ጋሽ ጆሮ አየኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ድምፅ ሳላወጣ መልኬ ብቻ ጮኾበት መሰለኝ። በሁለት እጄ ቦዩን አመለከትኩ፣ ዘለልኩ፣ ሻርፔ አፌ ውስጥ እንዳለ ሌላውን ጫፉን አራገብኩ። ይኼን ጊዜ ባቡር ነጂው በመስኮት ወጣ አለ። አርባ ስድስት ዓመት ያገለገለችውን ባቡር ሊሰናበት የመጣ ሰው አገኘሁ ብሎ ይሆናል፣ ቆቡን አውልቆ አውለበለበልኝ፤ ጡሩምባውንም ረዘም አድርጎ ነፋልኝ። ዕድሜውን ያርዝመው። እኔ ግን ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር።

በባዶ እግሬ፣ በጣቴ ጫፍ፣ ጠጠሩን እየዘለልኩ ሄድኩ። አሮጊቷ አለፈች፤ ፉርጎዎቹ ተከታተሉ፤ የመጨረሻው መጠምዘዣውን ዞረና ድምፁ መራቅ ጀመረ። ለእነሱ ከሁሉ የከበረው ይኼ ነው፤ ድምፁ እየቀጠነ የሚያልቅበት። ብጮህ ያን ጊዜ በደንብ ይሰማ ነበር። አምስት እርምጃ ቀርቶኛል። እግር ይሰበራል፣ ይጠገናል አልኩ በልቤ። የምትሄድበትን ካልነገረችኝ ግን ምን ይጠግነዋል? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ልጄ ከኋላ የቀረውን ጭስ ልታስገባ የመጨረሻ እርምጃዋን ወደ ኋላ ሄደች።

«እማዬ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከአራት ዓመቷ ወዲህ አልሰማሁም። ሸለቆው ተቀብሎ ደገመው።

ደረስኩ። በጀርባዋ ቦዩ ውስጥ ተጋድማለች፤ ካሜራውን እንደ ሕፃን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። አየችኝ። ሻርፑን ከአፌ ላወጣ ስል፣ በሌላው እጇ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ድምፁ ገና አላለቀም። እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ እየተያየን፣ እንባዋ እየወረደ፣ ዝም አልን። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን እንዳነሳ ቆሟል። ያ እጅ እስኪወርድ ድረስ አረጀሁ።

ወረደ።

«ለምን አልነገርሽኝም!» አለች ልጄ።

«ዝም በይ ብለሽኛል።»

«እማ፣ ቦይ ነው እኮ!»

«እባብ ቢመጣም ዝም በይ ብለሽኛል። ቦይ ከእባብ ይበልጣል?»

ቁርጭምጭሚቷ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ጀሶ ተደረገላት፤ የተኛችበት አንሶላ አስተጣጠፉ የእኔ ነው። አባቷ እየሮጠ መጣና መጀመሪያ የጠየቀው «እናትሽ አላስጠነቀቀችሽም?» ብሎ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስናገር የሚሰማኝ አጣሁ፤ አንድ ቀን ዝም ብል ቤተሰቡ ሁሉ ተገረመ።

ማክሰኞ ወደ ጋሽ ጆሮ ስፌት ቤት ሄድን፤ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ በክራንች፣ እኔ ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ። እጅጌ የሌላቸው ኮቶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ መሬቱ በክርና በጠመኔ ብናኝ ተሸፍኗል። የጥርስ ሐኪሙ ቀድሞን ደርሷል። ጋሽ ጆሮ ትልቁን ማዳመጫ አድርጎ የልጄን ቅጂ ሰማ። ቀጥሎ የሐኪሙን፣ ቀጥሎ የራሱን። በሦስቱም ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ «እማዬ!» የሚል አለ።

«ያቺን ቦታ በኮምፒዩተር ማውጣት ይቻላል፤ አንድ ሰከንድ ናት» አለ ሐኪሙ።

«አንተ ጥርስ ነቅለህ ሌላ ትተክላለህ» አለው ጋሽ ጆሮ። «እኔ የተጣፈ ልብስ በጨለማ አውቃለሁ። አልጥፍም።»

ልጄ ክራንቿን እያየች «ጋሼ፣ ሕጉ ሕግ ነው» አለች። «የሰው ድምፅ አለበት። አይገባም።» የእኔን ድምፅ አሥራ አንድ ጊዜ ችላለች፤ የራሷን አንድ ጊዜ አልቻለችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «አፌን ከፍቼ ቢሆን...»

«እትዬ፣ እርስዎ ንጹሕ ነዎት። ሦስቴ ሰማሁ፤ የሉበትም። ጠጠሩ እንኳን አልተንኮሻኮሸም።» ማዳመጫውን አወለቀ። «ያን ጡሩምባስ እንዴት አድርገው አስነፉልን?»

ሻርፔን አስተካከልኩ። ሞያ እንዳለኝ ይምሰለው።

ከመቀሶቹ መሳቢያ ወፍራም ደብተር አወጣ፤ ስብስቡ የሚመዘገብበት ነው። ቀኑን ጻፈ፣ የባቡሯን ቁጥር ጻፈ፣ የልጄን ስም ጻፈ። ልጄ ቀና አለች። ከስሙ ቀጥሎ «ከባቡሩ ሌላ የተሰማ» የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ ላይ እየተናገረ ጻፈ። «ነፋስ፣ ለስለስ ያለ። ቁራ፣ ሁለት ጊዜ። ልጅ እናቷን ስትጠራ፣ አንድ ጊዜ።»

ሐኪሙ አንገቱን አሰገገ። «ጋሼ፣ ይሄ የሰው ድምፅ አይደለም ታዲያ?»

«የሰው ድምፅ ማለት ወሬ ነው። ይሄ እንደ ቁራው ነው፤ ሳያስቡት ነው የሚወጣው።»

ልጄ ከቁራ በመመደቧ ደስ አላት። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው እኮ፣ ጋሼ። ልጅ ተብሎ ይጻፋል?»

«እማ!» አለች።

ጋሽ ጆሮ ደብተሩን ዘጋ።

ስንወጣ ደረጃው ጨለም ያለ ነበር። እሷ ክራንቿን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳረፈችና ቆመች። እኔ ከኋላዋ ትንፋሼን ይዤ፣ አፌን ገጥሜ፣ ወገቧ አጠገብ እጄን ዘርግቻለሁ። ቀጥሎ አንገቷን አዞረች።

«ምነው ዝም አልሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«ልናገር?»

«እማ፣ አላይም እኮ!»

«ሁለተኛው ከፍ ይላል» አልኩ። «ሦስተኛው ጫፉ ተሸርፏል። መደገፊያው ይነቃነቃል፣ እንዳትተማመኚበት። ታች ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ሰው ድንገት ቢገፋው፣ ቀጥሎ መንገዱ ነው፣ መኪናው...»

«በቃ፣ በቃ» አለች፤ «ደረጃውን ብቻ።»