የአገረ ገዥው የጓሮ በር

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፣» አለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል ይሠራል።»

ሦስት ሰዎች አጨበጨቡ። የድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ እነሱው ናቸው፦ የጨዋታውን ሕግ የምታወጣው ነዳፊዋ፣ ፕሮግራመሩና ሰዓሊዋ። ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራሉ። ታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁን በሌለበት «ክቡርነታቸው» ይሉታል፤ ባለበትም አንዳንዴ ያመልጣቸዋል፤ እሱ ግን ከፍቶት አያውቅም።

ጨዋታው የተወሰደው ተማሪ ሁሉ ለፈተና ሲል ካነበበው አንድ የቆየ የፖለቲካ ልቦለድ ነው። በልቦለዱ ውስጥ አንድ ሰው በአገረ ገዥው አጥር ላይ በከሰል «ይበቃል» ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ከሰል ሻጩ መሆኑን ከአገረ ገዥው በቀር የማያውቅ የለም። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ካልመሰከረበት ማንም አይሰቀልም። ሰፈሩም ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፤ አገረ ገዥው በዚያ ዝምታ ይወድቃል።

በጨዋታው ተጫዋቾቹ በየቤታቸው ሆነው የሰፈሩን ሰዎች ይሆናሉ። የፈለገ ዝም ይላል። ያልፈለገ በአገረ ገዥው የጓሮ በር ሹልክ ብሎ ገብቶ ይመሰክራል፤ ሰፊ ቤትም ይሰጠዋል። ሁሉም ከመሰከሩ ከሰል ሻጩ ይሰቀላል። አንድ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ዝም ካለ ይድናል።

«ይሄ የዝምታ መንገድ ይውጣ፣» አለ ክቡርነታቸው የአምፖሉ ጭብጨባ እንዳበቃ። «ዝምታ አይሸጥም። ተጫዋቹ ዝም ለማለት የትኛውን ቁልፍ ይጫን?»

«ምንም አይጫንማ!» አለች ነዳፊዋ። «ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

«ምንም ካልተጫነ እቤቱ ይተኛ። ለመተኛት ጨዋታ ይገዛል እንዴ?»

ለነዳፊዋ ነገሩ የሥራ ብቻ አልነበረም። አባቷ በወጣትነቱ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ታስሮ፣ ተገርፎ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ ወጣ የሚባል ሰው ነው። ጓደኞቹ አልወጡም። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህ ታሪክ ይነሣል፤ «ወንድ ማለት እሱ!» ይባላል። እሱ ራሱ አውርቶት አያውቅም። ሲጠይቁት «ብርድ ነበር» ይልና ወሬ ይለውጣል። ይህም እንደ ትሕትና ተቆጥሮለታል። የዝምታውን መንገድ ስትነድፍ ያሰበችው እሱን ነው፤ ከጨዋታው መውጣቱም አባቷን በእጇ እንደ መሰረዝ ሆነባት።

«እኛው እንጫወተው፣» አለች። «አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ዝም ካለ መንገዱ ይቆያል። ሁላችንም ከመሰከርን እኔው በእጄ አወጣዋለሁ። አምስተኛ ተጫዋች አባቴን አመጣለሁ።»

«ተስማምቻለሁ!» አለ ክቡርነታቸው፣ ጦር እንደሚያዘምት ሰው።

አባቷ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ መጣ። መነጽሩን አጥልቆ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠ፤ በጨዋታውም ሰዓት ሠሪውን ሆነ።

«አባባ፣ እርስዎ ካሉማ ፈተናው አልቋል፣» አለች ሰዓሊዋ።

«ኧረ ተይ ልጄ።»

«እኔ ራሴ ቢገድሉኝ አልናገርም፣» አለ ፕሮግራመሩ። «የራሴን ስም እንኳ በግድ ነው የምናገረው።»

«አንተ?» አለች ሰዓሊዋ። «ብስኩቱን ማን በላው ሲባል ማንም ሳይጠይቅህ እኔን የጠቆምክ!»

«ብስኩት ሌላ፣ መርሕ ሌላ።»

ተጀመረ። ክቡርነታቸው ሐኪም፣ ሰዓሊዋ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፕሮግራመሩ ፖስተኛ፣ ነዳፊዋ አስተማሪ ሆኑ። አገረ ገዥው መጀመሪያ ውኃ ዘጋ። ከዚያ ዱቄት አስወደደ። የአስተማሪዋ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሳል ያዛት። ማዶ ሰፊው ቤት ባዶውን ቆሟል፤ ሰዓሊዋ ትባረክና መስኮቱን አሳምራዋለች።

ነዳፊዋ ጠረጴዛውን ቃኘች። ሁሉም ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ዝም ብሏል። ለከሰል ሻጩ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አለ፤ አባዬ አይናገርም። የእሱ ዝምታ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ደግሞስ የጓሮው በር በትክክል መከፈቱን ማየት የነዳፊ ግዴታ አይደለም?

አስተማሪዋን በአጥር ጥግ ወሰደቻት። በሩ ያለ ችግር ተከፈተ።

«ብቻሽን ነሽ፤ አትፍሪ፣» የሚል የአገረ ገዥው ጽሑፍ ወጣ።

ብቻዋን አልነበረችም። ፕሮግራመሩ በበሩ ለሚገባ ሰው ሁሉ የየብቻ ክፍል መፍጠር ነበረበት፤ ለመጨረስ ሲቻኮል አንዱን ክፍል ለሁሉም ትቶታል። ሐኪሙ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪዋ ከነሽርጧ አጠገቡ ናት። ፖስተኛው ቦርሳውን እንዳነገተ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል፤ ሊወጣ ፈልጎ ይሁን አይታወቅም። የአራቱም የማውስ ድምፅ በአንድ ጊዜ ቆመ። ታች ጎማ ይነፋል።

በክፍሉ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከሁሉ ቀድሞ የገባው የሚቀመጥበት። ሰዓት ሠሪው ተቀምጦበታል።

ነዳፊዋ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አልዞረችም። ሌላውም አልዞረም። ከዚያ በኩል አንዲት ቁልፍ ስትጫን ተሰማ፤ ሰዓት ሠሪው ጠጋ ብሎ ለአስተማሪዋ ቦታ ለቀቀላት።