በረኪና የሸተተው ጭጋግ

ክትባት ስንረጭ የዶሮ ቤቱን መስኮት እንጋርዳለን፣ ማራገቢያውን እናጠፋለን። ያኔ ከመርጫው የሚወጣው ጤዛ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ጫጩቶቹ ዝም ይላሉ፤ እኔም እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። ደስ ሲል! ከሰፈራችን ከጀበል አል-ወይብደህ እስከ አማን ከተማ ጫፍ በባስ የምንገላታው ለደሞዝ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ያን ቀን ትርፌ ለሥራ ሙከራ አብራኝ መጥታ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ጓደኛዬ ናት፤ ኻልዳ ሰፈር ሰው ቤት እያደረች ስትሠራ ኖራ በስንት መከራ የወጣች። አሠሪዬ ሀምዛ ካልወደዳት ወደዚያው መመለሷ ነው። "እዚያ ከምመለስ ዶሮ ልሁን" ብላኛለች፤ የምሯን ነው።

ሀምዛ ሁለቱን ሕያው ክትባቶች፣ የፈንግሉንና የብሮንካይትሱን፣ በጥብጦ መርጫው ውስጥ አንድ ላይ ጨመራቸው። ያለፈው መንጋ እያሳለ አልቆበታልና ጠብታ እንዳይፈስበት ይጠነቀቅ ነበር። "ቢስሚላህ" ብሎ መርጫውን አቀበለኝ።

ጭጋጉ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ቢጫዎቹ ጫጩቶች በሕልም የማያቸው ያህል ደበዘዙ። በመሃል አንድ ሽታ የአፍ መሸፈኛዬን አልፎ መጣ። በዕረፍት ቀኔ ኡም ሱማቅ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞርኩ የማጸዳቸው መታጠቢያ ቤቶች ሽታ። በረኪና!

ኧረ የኔ ጉድ! በረኪና የነካው ውሃ ሕያው ክትባት ይገድላል። ዞር ብዬ ትርፌን ባያት በሩ ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች። ወዲያው ገባኝ። የኻልዳዋ መዳም ዘንድ በበረኪና ያልታሸ ዕቃ ታጠበ አይባልም፤ እኔ መስኮት ስጋርድ እሷ መርጫውን አጥባው ኖሯል።

"ማነው ይሄን ያጠበው?" አለ ሀምዛ በዐረብኛ። እሱንም ሸትቶታል።

"እኔ ነኝ" አልኩ ቶሎ ብዬ። እኔን ቢቆጣ እንጂ አያባርረኝም።

ትርፌ ገነፈለች። "አንቺ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ? እኔ ነኝ እንጂ!" ወደ ሀምዛ ዞራ ደግሞ ደረቷን እየመታች፣ "አና፣ ያ ሙዲር! አና!" አለችው፤ እኔ ነኝ፣ አለቃ፣ እኔ ማለቷ ነው። ምስጋናዋን የቀማኋት መስሏታል።

ሀምዛ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ የመኖ ጆንያ ላይ ዘፍ አለ። "አንዷ ትገድለኛለች፣ አንዷ ትዋሸኛለች" አለ። ከዚያ ሌላ ክትባት ሊገዛ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በረኪናው ምን እንዳደረገ ለትርፌ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሞቱ?"

"ጫጩቶቹ ደህና ናቸው። የሞተው ክትባቱ ነው።"

"መድኃኒት ይሞታል እንዴ?"

"ይሄኛው ነፍስ አለው።"

አማተበች። መርጫውን በንጹሕ ውሃ ደጋግማ ስታለቀልቅ፣ "አለቀልኝ፤ ኻልዳ ልመለስ ነው" እያለች አለቀሰች። እኔም ውሃ እየቀዳሁ አቀበልኳት።

ሀምዛ ተመልሶ መርጫውን አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው። አዲሱን በጠበጠና እኔ እጄን ስዘረጋ አልፎኝ ለትርፌ ሰጣት።

"እሷ ትርጨው" አለኝ። "የሠራችውን አትደብቀኝም።"

አመመኝ፤ እውነቱን ነው። ትርፌ ጭጋጉ ውስጥ ገብታ ከዓይኔ ጠፋች። ድምፅዋ ብቻ ይሰማኛል፤ ለዚያ ለማይታየው ነፍስ፣ "ኑርልኝ፣ እባክህ ኑርልኝ" ትለዋለች።